«አታሚ» እና «አሳታሚ»፤ ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመጻሕፍት ሥራ አንጻር የተደረገ የቃል ታሪክ

በኅትመት ሥራ የምንገለገልባቸውን ቃላት ለመመርመር በተነሣን ጊዜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ቆም አድርጎ ያሳሰበን «አሳታሚ» የሚለው ቃል ነው። ይህን ቃል ዛሬ የሚሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ድርሰት መርጦ፣ ለደራሲው የድካሙን ዋጋ ከፍሎ፣ መጽሐፉን አውጥቶ የሚያከፋፍል ድርጅት ነው። ይሁን እንጂ የአማርኛ መጻሕፍት በአገራችን መታተም በጀመሩበት ዘመን እንዲህ ያለ ድርጅት አልነበረም፤ ማሳተም ግን ነበረ። እንግዲህ ድርጅቱ ባልነበረበት ጊዜ አሳታሚው ማን ነበር? ሥራውስ ምን ምን ነበር? ይህን ጥያቄ በሰዋስው ብቻ ለመመለስ አይቻልም። ስለዚህ የቃሉን እርባታ አስቀድመን ከተመለከትን በኋላ፣ ደራሲም አንባቢም የማተሚያ ቤት ባለቤትም የነበሩትን የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ሥራ እንደ ምስክር አድርገን እናቀርባለን።

1. የቃሉ ዘርና እርባታ

የአማርኛው «አተመ» ምንጩ የግእዙ «ኀተመ» ነው። የመጀመሪያ ትርጉሙም ደብዳቤን ወይም ዕቃን በማኅተም መዝጋት፣ ማጽናት ነው። «ማኅተም» የምንለው የመሣሪያው ስም ነው። የእርሳስ ፊደል በቀለም ተነክሮ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ከማኅተም አሠራር ጋር ስለሚመሳሰል፣ አዲሱ ጥበብ አዲስ ግስ ሳያስፈልገው በአሮጌው ግስ ተጠራ። «ማተብ» የሚለው ቃል ግን በድምፅ ቢቀርበውም ከዚህ ዘር አይደለም፤ እርሱ «ማዕተብ» ከሚለው፣ ምንጩም «ዐተበ» ከተባለው ግስ የመጣ ስለ ሆነ፣ ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም።

ከ«አተመ» «ታተመ» እና «አሳተመ» ይወጣሉ። በአማርኛ እንዲህ ያለው የአስደራጊ ግስ ምን እንደሚያመለክት «አረሰ» እና «አሳረሰ» የሚሉትን በማስተያየት በግልጽ እንረዳለን። አራሹ እርፍ የሚጨብጠው ነው፤ አሳራሹ ግን እርፍ ባይጨብጥም ዘሩን ያቀርባል፣ ለበሬውና ለሰው ቀለብ ያስባል፣ ዝናቡ ሲቀር የሚጨነቀውም እርሱ ነው። እንዲሁም «አታሚ» መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ባለ ሙያ ወይም የማተሚያ ቤቱ ሲሆን፣ «አሳታሚ» መጽሐፉ በእርሱ ሐሳብ፣ በእርሱ ወጪና በእርሱ ኃላፊነት የሚታተምለት ነው። ቃሉ በራሱ የንግድ ድርጅትን አያስገድድም። አንድ ሰው፣ አንድ ገዳም፣ ለሟች መምህሩ የቆመ አንድ ደቀ መዝሙር አሳታሚ ሊሆን ይችላል።

ሌሎቹም የማተሚያ ቤት ቃላት ብዙዎቹ ከብራና መጻሕፍት ሥራ የተወረሱ ናቸው። «ጠረዘ» የብራናው ጥራዝ ከሚሰፋበት ሥራ መጣ፤ «ዓምድ» ቁም ጸሐፊው ገጹን ከሚከፍልበት አቋቋም ተወሰደ፤ «ቅጂ» ውሃ ከመቅዳት ጋር አንድ ግስ ያለው ሲሆን፣ ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው መገልበጥን ያመለክታል። «መጽሔት» በግእዝ መስተዋት ማለት ነው። ከውጭ የገቡት እንደ «ጋዜጣ» እና «ካታሎግ» ያሉት ናቸው። ይህ ሁሉ የሚያስረዳው አዲሱ ሥራ ባዶ ቤት እንዳልገባ፣ ከአሮጌው ሥራ ጋር ተጠግቶ እንደ ተተከለ ነው።

2. ደራሲው ከማን ተቀበለ?

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በሸዋ በመርሐቤቴ ተወለዱ፤ የቀድሞ ስማቸው ገብረ መስቀል ነበር። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረው፣ በእንጦጦ ራጉኤልም ከነበሩ ሊቃውንት ዘንድ ዕውቀታቸውን አስፋፍተው፣ ቆይተው በመንግሥት ሥራ ላይ ተሰማርተው እስከ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ደረሱ። ከሃያ የሚበልጡ መጻሕፍትንም ጻፉ።

ስለ አንድ ደራሲ ሲነገር ዛሬ «የእገሌ ተጽዕኖ አለበት» ማለት ተለምዷል። «ተጽዕኖ» ከግእዙ «ጸዐነ» የወጣ ሲሆን፣ ይኸውም በአማርኛ «ጫነ» የምንለው ነው። በዚህ አነጋገር ተቀባዩ እንደ አጋሰስ ሸክም የተጫነበት ይመስላል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ቋንቋ ግን ነገሩን በሌላ መንገድ ይገልጸዋል። ተማሪው ከመምህሩ «ይቀበላል»፤ በቅኔ ቤትም ለብቻው ሆኖ ቅኔውን «ይቈጥራል»፤ ቀጥሎ ለመምህሩ «ይነግራል»፣ ይታረማልም፤ በመጨረሻ ሲበስል በጉባኤ ፊት «ይዘርፋል»። መቀበል፣ መቍጠር፣ መንገር፣ መዝረፍ፦ በእነዚህ አራት ቃላት ውስጥ ተቀባዩ ሸክም ተሸካሚ ሳይሆን ሠራተኛ ነው። ደራሲ ከቀደሙት ያገኘውን ለመግለጽ እኛ ከ«ተጽዕኖ» ይልቅ እነዚህ የተሻሉ መስለው ይታዩናል።

የኅሩይን መጻሕፍት በዚህ ዓይን ስንመለከት የተቀበሉትን ከነምንጩ መለየት አያስቸግርም። በ1910 ዓ.ም. የወጣው «ለልጅ ምክር፣ ለአባት መታሰቢያ» የመጽሐፈ ምሳሌንና የመጽሐፈ ሲራክን የምክር ፈለግ የተከተለ ነው፤ ከልጆቻቸው አንዱን ሲራክ ብለው መሰየማቸውም እንዲያው የሆነ አይመስለንም። በ1915 ዓ.ም. የወጣው «ወዳጄ ልቤ» የሰዎችን ጠባይና ኑሮ በምሳሌ የሚገልጽ ነው። ይህን መጽሐፍ የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዎች እንግሊዛዊው ጆን ቡንያን ስለ አንድ ክርስቲያን መንገደኛ ከጻፈው ታዋቂ ድርሰት ጋር ያስተያዩታል። የቡንያን መጽሐፍ ከዚያ ቀደም ብሎ በሚሲዮኖች አማካይነት ወደ አማርኛ ተተርጕሞ በአገራችን ይነበብ ነበር። ኅሩይ ግን እንዳለ አልገለበጡትም፤ በምሳሌ መናገርን ለለመደው ለአገራቸው አንባቢ እንዲስማማ አድርገው በራሳቸው አማርኛ ሠሩት። እንግዲህ ተቀበሉ፣ ቈጠሩ፣ ዘረፉ ማለት ይህ ነው።

በዚህ ቦታ አንድ ነገር ልናስተውል ይገባናል። ቡንያንን ወደ አማርኛ አንባቢ ያደረሱት በቀይ ባሕር ዳርና በአውሮፓ የሚሠሩ የሚሲዮን ማተሚያዎች እንጂ ታላላቅ የንግድ ቤቶች አልነበሩም። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ታሪክ፣ «ልብ ወለድ» የሚለውን ቃል ለሥነ ጽሑፋችን ያተረፈው፣ በ1900 ዓ.ም. በሮም ታተመ። የአለቃ ታየ ገብረ ማርያም «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» በ1914 ዓ.ም. በአሥመራ በስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ወጣ። አንድ ደራሲ ከማን ተቀበለ ብሎ መጠየቅ፣ የተቀበለውን ማን አሳተመለት ብሎ ከመጠየቅ የሚለይ አይደለም።

3. የመጻሕፍት ቈጠራ

ኅሩይ ከሌሎች ደራስያን የሚለዩበት ሥራ ግን የራሳቸው ድርሰት አይደለም። በ1904 ዓ.ም.፣ ገና ብዙ ሳይጽፉ፣ በኢትዮጵያ የሚገኙትን በግእዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት ዝርዝር አዘጋጅተው አወጡ። ይህንኑ በ1920 ዓ.ም. አስፍተው «ካታሎግ» በሚለው ቃል ደግመው አሳተሙት። ባለ ድርሰት የሆነ ሰው የራሱን መጻሕፍት ከማብዛት አስቀድሞ የሌሎችን መቍጠሩ ልዩ ነገር ነው። በ1915 ዓ.ም. ያወጡት «የሕይወት ታሪክ» ስማቸው ሊረሳ የሚችሉ ብዙ ሰዎችን በአጭር በአጭሩ መዘገበ። በ1918 ዓ.ም. ደግሞ የቀደሙትንና በኋላ የተነሡትን ሊቃውንት ቅኔዎች ሰብስበው በመጽሐፍ አወጡ።

እነዚህን ሦስት ሥራዎች አንድ ላይ ስናያቸው የአንድ ሐሳብ ሦስት መልኮች ናቸው። ካታሎጉ «ምን አለን?» ይላል፤ የሕይወት ታሪኩ «እነማን ነበሩ?» ይላል፤ የቅኔው መጽሐፍ «ምን አሉ?» ይላል። ቅኔ በቃል ተነግሮ፣ በጉባኤ ተደንቆ፣ ከዘራፊው ጋር የሚቀበር ጥበብ ነው። የታተመው ቅኔ ግን ዘራፊው ካለፈ በኋላም ይነገራል። ኅሩይ ከመምህሮቻቸው የተቀበሉትን ዕዳ የከፈሉት በመወደስ ብቻ ሳይሆን በማሳተም ነው። «አሳታሚ» የሚለው ቃል በእሳቸው ሥራ ውስጥ ሙሉ ትርጉሙን ያገኘው በዚህ ስፍራ ይመስለናል።

4. ጎሐ ጽባሕ

በግእዝ ፊደል የመጀመሪያው መጽሐፍ የታተመው በሮም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1513 ሲሆን፣ መጽሐፉ መዝሙረ ዳዊት፣ ያወጣውም ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ነበር። በዚያችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ኢትዮጵያዊው መነኵሴ አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። አባ ተስፋ ጽዮን አታሚ አልነበሩም፤ አታሚዎቹም ግእዝ አያውቁም ነበር። ነገር ግን ጽሑፉን ያቀረቡ፣ ደጋፊ የፈለጉ፣ ለስሕተቱም በመጽሐፉ ውስጥ ይቅርታ የጠየቁ እሳቸው ናቸው። ይቅርታ የሚጠይቅ፣ ተጠያቂ የሆነ ነው፤ ስለዚህም ከአሳታሚዎቻችን ቀዳሚ አድርገን ልንቈጥራቸው እንችላለን።

በአዲስ አበባ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን አሳቢነት የተቋቋመው ማተሚያ ቤት ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ የመጻሕፍትን ሥራ አስፋፋ፤ ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮም «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣን አወጣ። ይሁን እንጂ አንድ ማተሚያ ቤት፣ ያውም የመንግሥት ሥራ የበዛበት፣ የአገሩን ጽሑፍ ሁሉ ሊሸከም አይችልም። ኅሩይ የራሳቸውን ማተሚያ ቤት አቋቁመው «ጎሐ ጽባሕ» ብለው ሰየሙት። «ጎሐ» በግእዝ የንጋት መፈንጠቅ ነው፤ በአማርኛም «ጎሕ ሲቀድ» እንላለን። በ1921 ዓ.ም. «ዋዜማ»፣ በ1924 ዓ.ም. የጃፓን ጕዟቸውን የሚተርከው «ማኅደረ ብርሃን፣ ሀገረ ጃፓን»፣ በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም» የወጡት በዚህ ማተሚያ ቤት ነው። ስሞቹ ራሳቸው አንድ ነገር ይናገራሉ፤ ዋዜማ፣ ጎሕ፣ ብርሃን፣ አዲስ ዓለም፣ ሁሉም የሚመጣን ቀን የሚጠባበቁ ቃላት ናቸው።

የትንሽ ማተሚያ ቤትን ሥራ በቅርብ ያላየ ሰው ድካሙን አይገምተውም። ፊደል ለቃሚው ከሳጥኑ ውስጥ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀመ ይደረድራል። የላቲን ፊደል የሚለቅም ሰው ጥቂት ደርዘን ዓይነት ይበቃዋል፤ የእኛ ለቃሚ ግን ዲቃላዎቹን ሳይጨምር ከሁለት መቶ ሠላሳ በላይ ዓይነት ፊደል በፊቱ ዘርግቶ «ሀ» ከ«ሐ»፣ «ሠ» ከ«ሰ» ሳይሳሳት መሥራት አለበት። ከዚያ በኋላ የሙከራው ወረቀት ወጥቶ ይታረማል። «እርማት» የሚለው የማተሚያ ቤት ቃል በቅኔ ቤት ተማሪው ለመምህሩ ሲነግር ከሚደረግለት እርማት ጋር አንድ ነው፤ በሁለቱም ቦታ ጽሑፉ ወደ ሕዝብ ከመውጣቱ በፊት የሚያልፍበት በር ነው። ወረቀቱና ቀለሙ ከባሕር ማዶ በገንዘብ ይመጣሉ። የሚያነብ ሰው ግን ጥቂት ነበር። በእንዲህ ያለ ዘመን ማተሚያ ቤት ማቋቋም ትርፍ ከመፈለግ ይልቅ ገና ያልተወለደ አንባቢን መጠበቅ ነበር።

5. በማተሚያ ቤት የቀረው ታሪክ

በ1928 ዓ.ም. ኅሩይ ከሥራዎቻቸው ታላቁ የነበረውን «የኢትዮጵያ ታሪክ» በማሳተም ላይ ነበሩ። ሥራው በማተሚያ ቤት ሳለ የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ደራሲው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ፤ መጽሐፉም በሥርዓቱ ለሕዝብ ሳይደርስ ቀረ፣ ከጥፋት የተረፈው ጥቂት ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በመስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ሳሉ አረፉ። አገራቸውን ነጻ ሆና አላዩም፤ መጽሐፋቸውንም ተጠርዞ በአንባቢ እጅ አላዩም። ታሪኩ ሙሉ ሆኖ ለብዙኃኑ አንባቢ የደረሰው በዘመናችን ዳግመኛ ሲታተም ነው።

ይህ ነገር ስለ ቃላችን የሚያስተምረን አለ። መጽሐፉ ታትሞ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም፤ ፊደሉ ተለቅሟልና፣ ወረቀቱም ቀለም ነክቷልና። ነገር ግን አልወጣም። «መታተም» እና «መውጣት» ሁለት ነገሮች እንደ ሆኑ አማርኛችን ከጥንት ያውቃል፤ «መጽሐፉ ወጣ» ስንል ከቤት የወጣ፣ መንገድ የጀመረ ሰውን እንደምንናገር ነው። አታሚው የሚያትመው ወረቀትን ነው፤ አሳታሚው ግን መጽሐፉ እስኪወጣ ድረስ ሥራው አያልቅም። አሳታሚው ሲሰደድ የታተመው ሳይወጣ ይቀራል።

6. የድሬዳዋው ማተሚያና የመዝገበ ቃላት ውርስ

ነገሩ በኅሩይ ብቻ እንዳልቀረ ለማሳየት ከራሳችን ሙያ አንድ ምሳሌ እንጨምር። በድሬዳዋ የካፑሲን መነኮሳት በቅዱስ አልዓዛር ስም የሚጠራ ትንሽ ማተሚያ ቤት ነበራቸው። የባትማን የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1929 የታተመው በዚያ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድም በድሬዳዋ ተቀምጠው ሠርተዋል።

የኪዳነ ወልድ የግእዝ መዝገበ ቃላት ታሪክ የታወቀ ነው። ሥራውን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ ኪዳነ ወልድ ከመምህራቸው ተቀብለው ዘመናቸውን ሙሉ ደከሙበት፤ በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉም ሥራውን ለደስታ ተክለ ወልድ አደራ ተዉ። ደስታ ተክለ ወልድ አዘጋጅተው በ1948 ዓ.ም. በአርቲስቲክ ማተሚያ ቤት አሳተሙት። የራሳቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ያወጡት ከዚያ በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. ነው። የመምህሩን አስቀድሞ፣ የራስን ወደ ኋላ፤ ይህ ቅደም ተከተል ኅሩይ ካታሎጉን ከድርሰቶቻቸው ባስቀደሙበት መንፈስ የተሠራ ነው። ዛሬ የእነዚህን ሊቃውንት ሥራ ሳይገልጥ አንድ ቃል የሚፈታ የመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ያለ አይመስለንም። ያም ሆኖ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የተላለፈው አደራ በመካከል ተቋርጦ ቢሆን ኖሮ፣ ይህ ሁሉ በእጅ ጽሑፍ ቀርቶ በጠፋ ነበር።

7. ስለ ፍቺው የምናቀርበው ሐሳብ

በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት እንደ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ያሉ ድርጅቶች ሲሠሩ «አሳታሚ» የሚለው ቃል የተቋም ስም ሆነ። ይህ ትክክለኛ እድገት ነው፤ የምንቃወመውም አይደለም። የምንፈራው አዲሱ ትርጉም አሮጌውን እንዳይሸፍነው ነው። ዛሬም ብዙ ደራስያን የማተሚያውን ዋጋ ከደመወዛቸው ቀንሰው ወይም ከወዳጅ ተበድረው ራሳቸው ያሳትማሉ፤ መጽሐፉንም በእጃቸው ይዘው ለአንባቢ ያደርሳሉ። መዝገበ ቃላት «አሳታሚ፦ መጻሕፍት የሚያወጣ ድርጅት» ብሎ ቢያበቃ እነዚህን ሰዎች ስም ያሳጣቸዋል። ስም ያጣ ሥራ ደግሞ ረዳት አያገኝም።

ስለዚህ የሚከተለውን ፍቺ ለውይይት እናቀርባለን።

አታሚ፦ ጽሑፍን በመኪና የሚያትም ባለ ሙያ፤ የማተሚያ ቤት።

አሳታሚ፦ (ሀ) የራሱን ድርሰት በራሱ ወጪና ኃላፊነት እንዲታተም የሚያደርግ ደራሲ። (ለ) የሌላ ሰው ድርሰት፣ በተለይም የመምህሩ ወይም የቀደሙት ሰዎች ሥራ እንዳይጠፋ ሰብስቦ፣ አርሞ፣ ወጪውን ችሎ ወይም ደጋፊ ፈልጎ ለሕዝብ እንዲወጣ የሚያደርግ ሰው ወይም ማኅበር። (ሐ) ይህንኑ ሥራ መደበኛ ተግባሩ ያደረገ ድርጅት።

የፍቺውን ተራ እንዲህ ያደረግነው የታሪኩን ተራ ተከትለን ነው። ድርጅቱ በሦስተኛው ስፍራ መቀመጡ እሱን ለማሳነስ አይደለም፤ ከእርሱ በፊት በትንንሽ ማተሚያ ቤቶች፣ በአንድ ሁለት መኪና፣ በጥቂት ሳጥን ፊደል የደከሙት ሰዎች የተሸከሙት ስም መሆኑን ለማስታወስ ነው። የማኅተም ዋናው ጠባይ የባለ ማኅተሙን ቃል ማጽናቱ ነው። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የሊቃውንቱን ቅኔ፣ ደስታ ተክለ ወልድ የመምህራቸውን መዝገበ ቃላት ሲያሳትሙ፣ ከራሳቸው ቃል አስቀድመው የሌላውን ቃል አጸኑ። ይህ ትርጉም ከቃሉ እንዳይለይ መጠበቅ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ድርሻ ነው። አንባቢዎቻችንም በየአካባቢያቸው ማተሚያ ቤቶች የሚነገሩ፣ እኛ ያልደረስንባቸው የሙያ ቃላት ካሉ ከነአገባባቸው መዝግበው እንዲያቆዩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።